ወጌሻው ያላነበበው ደብዳቤ

እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ በሃያ ሁለት ዓመት የወጌሻነት ዘመኑ የሰው አጥንት ጠግኖ እንጂ ሰብሮ አያውቅም ነበር። በ፲፱፻፳ ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ ግን፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወዳትን የነሲማን ጭን በገዛ እጁ ሰበረ። ከተማው በማግስቱ ሰማ። የሐረር ግንብ ሽፍታ ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም።

ነገሩ እንዲገባን ግን ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

አባቱ ወጌሻ ወልደ ጊዮርጊስ ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው ሐረር የቀሩ ሰው ነበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም ወለም ባለው ቁጥር “እሳቸው ጋ ውሰዱኝ” ይል ነበር። እንደሻው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ አባትና ልጅ ከነጋዴው ከዐብዱልወሃብ ቤት ተጠሩ። የነጋዴው ታናሽ እኅት፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ነሲማ፣ ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ሽማግሌው አጥንቱን ሲያቃኑ የልጃቸው ሥራ የደህና እጇን ጣቶች መያዝ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዓይን ዓይኑን እያየች ጥርሷን ነከሰች። እንደሻው ያን ቀን የያዛቸውን ጣቶች በልቡ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

የክንዷን ማሰሪያ ለመለወጥ አርባ ቀን ተመላለሰ። አክስቷ ዐይሻ ጥግ ይዘው ስፌት ሲሰፉ፣ ነሲማ በደህና እጇ አመድ ላይ በዐረብ ፊደል ስሟን እየጻፈች አሳየችው። የቤታቸውን ቋንቋ የሚጽፉት በዚያ ፊደል ነው። እንደሻው ስሟን ለይቶ ማወቅ ቻለ፤ ከዚያ አላለፈም። ከዓመታት በኋላ ግን “ፊደላችሁን ጨርሻለሁ፤ የፈለግሽውን ጻፊና ፈትኚኝ” ብሎ ጎረረባት። ወንድ ልጅ ለወደዳት ሴት የማይዋሸው ምን አለ? ውሸቲቱ ትንሽ ነበረች፤ ማንንም የምትጎዳ አትመስልም ነበር።

እሱ ባለማተብ ክርስቲያን፣ እሷ የጀጎል እስላም ናት። ሽማግሌ ልኮ የሚጠይቃት አልነበረችም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለአጎቷ ልጅ ተዳረች፤ ሳትወልድ ኖራ ኖራ የኅዳር በሽታ ባሏን ወሰደባትና ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። እንደሻው በዚህ ሁሉ ጊዜ አላገባም። ዘመድ “ምነው ጎጆ ብትወጣ?” ሲለው “ያልዳነ ስብራት አለብኝ” እያለ ይመልስ ነበር። ሰው ቀልድ መስሎት ይስቃል።

ከዚያ በኋላ ነሲማ በየቅዳሜው ከአክስቷ ጋር ከፈረስ መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ ስፌት መሸጥ ጀመረች። እንደሻውም በየቅዳሜው መግዛት ጀመረ። የወንደላጤ ቤት ግድግዳው ሁሉ ስፌት ሆነ።

“ባለፈው የወሰድከው ሙዳይስ?” ትለዋለች፣ ዓይኗን ከእጇ ሥራ ሳታነሣ።

“ሞላ።”

“ምን አድርገህበት ነው የሞላ?”

“ያልተናገርኩትን።”

“ወላሂ፣ እንግዲያው ሰፋ ያለ ልስፋልህ።”

ሁለቱ የሚነጋገሩት ይህን ያህል ነበር። ለሁለቱም ሳምንቱን ያዘልቃቸው ነበር።

በ፲፱፻፲፯ ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ግን ነሲማ አልቀለደችም። ፊቷ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ አንዲት ትንሽ ሙዳይ እጁ ላይ አኖረችና “ክዳኑን ቤትህ ገብተህ ፍታው” አለችው። ቤቱ ገብቶ ፈታው። በክዳኑ ድርብ መካከል የተሰፋ ወረቀት ነበር፣ ዳር እስከ ዳር በዐረብ ፊደል የተጻፈ። እንደሻው ከላይ እስከ ታች አየው። ከሥሩ ያለውን “ነሲማ” የሚለውን ቃል አወቀ። ሌላው ሁሉ ለእሱ የጉንዳን ሰልፍ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከተማው የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነበር፦ ዐብዱልወሃብ እኅቱን ለድሬዳዋ ነጋዴ ሊሰጥ ነው። እንደሻው ወሬውንና የቀላውን ዓይኗን ደመረና “ስንብት ነው” ብሎ ፈረደ። ማን ያንብብለት? ፊደሉን የሚያውቅ ሁሉ ወንድሟን ያውቃል፤ አንዲት ቃል ብታመልጥ የነሲማ ስም በየበሩ ይጎተታል። ለእሷ ለራሷ “አንብቢልኝ” እንዳይል ደግሞ ዋሽቻለሁ ማለት ሊሆን ነው። ከዚህ ሁሉ በታች፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ፈርቶ ነበር። ያልተነበበ ስንብት ስንብት አይሆንም ብሎ ልቡን አታለለ። ወረቀቱን ከጎኑ በማይለየው የዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ከተተው፣ በዚያ ገበያ ማለፉንም ተወ።

ነሲማ ሁለት ቅዳሜ ጠበቀች አሉ። በሦስተኛው ስፌቷን ለአክስቷ ሰጥታ ቤት ቀረች። የድሬዳዋው ጋብቻ መፍረሱን ሲሰማ እንኳ እንደሻው “እንግዲያው የተጠላሁት እኔ ነኝ” አለ። ልቡ የተሰበረ ሰው ሁሉንም ነገር ወደ ቁስሉ ነው የሚተረጉመው።

ሦስት ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ።

* * *

በዚያ የጥቅምት ቀን ዐብዱልወሃብ ራሱ በእንደሻው ደጅ ቆመ። “አባትህ የእኅቴን ክንድ አድኗል፤ አሁን ደግሞ ዳሌዋ ወልቋል። ና” አለው።

ነሲማ በቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ፣ እነሱ ነደባ በሚሉት፣ ተኝታለች። እንደሻው አንዴ አያትና ዓይኑን ሰበረ። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ቀለሟ ገርጥቷል። ቤቱን ከባድ ሽቶ ሞልቶታል፤ በበሽተኛ ቤት ይህን ያህል ሽቶ ለምን እንዳስፈለገ ግር አለው። ግራ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣጥፋ አልለቅ ብላለች። እሷም አየችው። ቁጣ ቢሆን ይሸከመው ነበር፤ ያየው ግን መልስ ጠብቆ ጠብቆ የደከመ ዓይን ነበር።

“ወድቀሽ ነው?” አላት።

“አልወደቅኩም። ስሄድ ነው ያመመኝ። ከክረምት ጀምሮ ወገቤም…”

“ወድቃለች እንጂ!” አሉ አክስት ዐይሻ። “ሳይወድቁ ዳሌ የሚወልቀው የት አገር ነው? ሱብሃነላህ!”

እዚህ ላይ መስማት ነበረበት። አባቱ “ሳይወድቅ የሚያመውን አጥንት አትጎትት” ይሉት ነበር። ግን በዚያ ቤት ሥርዓት ወጌሻ የሴትን ገላ በወፍራም ጨርቅ ላይ ይዳስሳል፤ ከወገብ በላይ ያለውን አያይም፣ አይጠይቅም። አክስቲቱ ጨርቁን ዘረጉ። እንደሻው ደግሞ ዓይኗን ሽሽት ሥራው ውስጥ ሊደበቅ ቸኮለ። ጭኗን ያዘ፣ “ቢስሚላህ በይ” አላት እንደ አባቱ ልማድ፣ ሳብ አደረገ።

የጤነኛ አጥንት ስብራት እንደ ደረቅ እንጨት ይጮኻል። ይኼኛው እንደ ቆየ ቂጣ ነበር። እጁ ውስጥ ፍርክስ አለ።

የእሷ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ከዚያ በጭንቅ እጇን ዘርግታ ጣቶቹን ፈልጋ ያዘች፣ ልክ እንደ ልጅነቷ። ዐብዱልወሃብ በትከሻው ገፍትሮ ሲያወጣው ነው የተለያዩት። “ውጣ! እጅህ ይቆረጥ!” እያለ ነበር። እንደሻው በልቡ አሜን አለ።

* * *

ከግንቡ ውጭ፣ ከከተማው በላይ ባለው መንገድ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሐረር የኖረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር። ሰው በፈረንሳይኛው ማዕረግ “ሙሴ ሐኪም” ይለዋል። እንደሻው ራሱን ሳይሸፍን ሮጦ ይዞት መጣ። ዐብዱልወሃብ ሐኪሙን አስገባ፤ ወጌሻውን ግን ከመጋረጃው ወዲህ አስቀረው።

ሐኪሙ ጭኗን አየ፣ የጀርባዋን አጥንት አንድ በአንድ ተጫነ፣ ከዚያ “ደረቷን ማየት አለብኝ” አለ።

“ለእግር ስብራት?” ዐብዱልወሃብ ተቆጣ። “አይሆንም!”

ነሲማ ወንድሟን በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ዐብዱልወሃብ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ የአክስት ዐይሻ ኡኡታ ተሰማ፤ “ያ ረቢ! ይህን ተሸክመሽ ነው የኖርሽው? ከእኔ ደብቀሽ?” እንደሻው በመጋረጃው ስር የሐኪሙን ጫማ ያያል። አሁን ሽቶው ለምን እንደሆነ ገባው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ራሱ ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ።

“መቼ ጀመረሽ?” አለ ሐኪሙ።

“ሦስት ዓመት ሆነኝ።”

“ለማን ተናገርሽ?”

እንደሻው በመጋረጃው ቀዳዳ ዓይኗ ወደ እሱ ሲዞር አየ። ለምን እንዳየችው ያን ጊዜ አልገባውም።

“ለማንም” አለች።

ሐኪሙ ወደ ግቢው ሲወጣ እንደሻው እግሩ ላይ ወደቀ። “ገደልኳት፣ ሙሴ!”

ሐኪሙ አነሣው። ከግቢው ጥግ ከተሰጣው በቆሎ አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥፍሩ ተጫነው፤ ፍሬው በኖ ከውስጡ ነቀዝ ወጣ። “እይ” አለው በሚሰባበር አማርኛው። “ከውጭ ደህና ነበር። የእሷ አጥንት እንዲህ ነው። በሽታው ጡቷ ላይ ተወለደ። ከዚያ ዘሩ በደም ተጓዘ። አጥንት ውስጥ መቅኔ አለ፤ መቅኔ ለእሱ ለም መሬት ነው። እዚያ በቀለ፣ ከውስጥ በላ። ጭኗ፣ ዳሌዋ፣ የጀርባ አጥንቷ። አንተ ባትነካት ስትገላበጥ ይሰበር ነበር።”

“መድኃኒቱስ?”

“በእኔ አገር የሚያቃጥል ብርሃን አለ፤ የአጥንቱን ሕመም ያስታግሳል። አንዳንድ ሐኪሞች ከማሕፀን አጠገብ ያሉትን ዕጢዎች ያወጣሉ፤ ለአንዳንዷ ሴት በሽታው ዓመት ያህል ይተኛል፣ ለምን እንደሆነ በደንብ አናውቅም። ግን እንዴት ትሂድ? እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ብትወርድ የጎድን አጥንቷ ሁሉ ያልቃል። እኔ ሞርፊን አለኝ። ሌላ የለኝም።”

“መጀመሪያ ላይ ቢታወቅ ኖሮ?”

ሐኪሙ እጁን በመሐረብ ጠረገ። “እንደ ሽንብራ ሳለ ብትመጣ እቆርጠው ነበር። ምናልባት ትድን ነበር። ምናልባት ዘሩ ያኔም ሄዶ ነበር። ይህን የሚያውቅ እግዜር ነው።”

እንደሻው ያቺን “ምናልባት” ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኑ አልተለየችውም።

* * *

ሐኪሙ የነሲማን እግር በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አሸዋ የሞላበት ከረጢት አንጠልጥሎ ወጠረው። ይህን በየቀኑ የሚያስተካክል፣ ገላዋን ሳያሳምም የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። “በዚህ ከተማ ይህን ሥራ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው” አለ ሐኪሙ ለዐብዱልወሃብ። ነጋዴው ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው በሩን ክፍት ትቶ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ከእሱ የሚጠበቀው ፈቃድ ይኸው ነበር።

እንደሻው መጀመሪያ ቀን ከረጢቱን ሊነካ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

“አትፍራ” አለችው። “የቀረኝን አትሰብረውም።”

“ነሲማ፣ ይቅር በይኝ።”

“ስለ እግሬ?”

ስለ ሌላ ምን እንደሆነ ሳይጠይቃት ቀረ።

ቀኖቹ ክፉ ነበሩ። ሞርፊኑ ሲያልቅባት ጣራውን እያየች የአላህን ስም ትጠራለች፤ ሲሰጣት ታንቀላፋለች። ውኃ ውኃ ትላለች፣ ጋን ቢቀዳ አይበቃትም። ኅዳር ሲገባ ሁለቱ እግሮቿ ደነዘዙ፤ ሐኪሙ የጀርባ አጥንቷ ተደርምሶ ጅማቷን እንደ ተጫነው ነገራቸው። እንደሻው በጨርቅ ጠቅልሎ ያገላብጣታል፣ ክብደቷ ግን ከቀን ወደ ቀን እንደ ባዶ ሙዳይ እየቀለለ ሄደ። አክስት ዐይሻ መጀመሪያ ሰሞን እንደ ጠባቂ ይቀመጡ ነበር። በኋላ ለሶላት ሲሄዱ “አንተ አለህ አይደል?” ብለው መውጣት ጀመሩ።

እንዲህ በወጡበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው ነሲማ የጠየቀችው።

“እንደሻው፣ ልሞት ነው። ስለዚህ እንዳትዋሸኝ። ደብዳቤዬን አንብበህ ለምን ዝም አልከኝ?”

እንደሻው ውኃ ሊያጠጣት የያዘውን ኩባያ አስቀመጠ።

“አላነበብኩትም” አለ።

“ምን ማለት ነው?”

“ማንበብ አልችልም። ስምሽን ብቻ ነው የማውቀው። ያኔ አመድ ላይ የጻፍሽልኝን። ሌላው ሁሉ ጉራ ነበር። ለሰው እንዳላስነብብ ለስምሽ ፈራሁ፤ ስንብት ነው ብዬም ፈራሁ።”

ነሲማ አተኩራ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከመታመሟ ወዲህ ሲስቅ ያልታየ ፊት ነበር፤ ሳቁ ጎኗን ሲወጋት እንኳ አላቆመችም፤ ሳቁ እንባ እስኪሆን ድረስ ሳቀች። “ሦስት ዓመት” አለች፣ “ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያ ረቢ፣ ጠላኝ እያልኩ…”

“አልጠላሁሽም! አንዲትም ቀን!”

“አወቅኩ። አሁን አወቅኩ።”

እንደሻው ከዳዊቱ ማኅደር ወረቀቱን አወጣ፤ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። “አንብቢልኝ” አላት። “ምንም ቢል ልስማው። ያለሱ መኖር አልችልም።”

ተቀበለችው። ዓይኗ ከመስመር ወደ መስመር ወረደ፣ ከሥሩ ደርሶ ቆመ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። እንደሻው ሕመሙ የያዛት መሰለው። ቀና ብላ አየችው፤ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን አየች፣ ከዚያ በእርጋታ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ማንበብ ጀመረች።

“እንደሻው ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ወንድሜ ለድሬዳዋ ሰው ሊሰጠኝ ነው፤ እኔ ግን እምቢ እላለሁ። ክንዴን በጠገናችሁ ጊዜ ጣቶቼን የያዘ ሰው አለ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንድ ቤት እንደማንገባ አውቃለሁ። ስለዚህ መልስ አትጻፍልኝ፣ ገበያም አትምጣ፤ ሰው ይጠረጥረናል። ዝም በለኝ። ዝም ካልከኝ እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ዝምታህን በየቀኑ እንደ ደብዳቤ አነበዋለሁ።”

ወረቀቱን አጠፈችው።

እንደሻው እንደ ልጅ አለቀሰ። ለካ ሳያውቀው የተባለውን ሁሉ አድርጓል! ሦስት ዓመት ጥፋቱ የመሰለው ዝምታ ትእዛዟ ኖሯል። በሐዘኑ መካከል ያልጠበቀው ደስታ ደረቱን ሞላው። “ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ አልሽኝ?” አለ ድንገት ትዝ ብሎት።

“ሴት ልጅ ዝም በለኝ ብላ ዝም ሲሏት አይከፋትም?” አለች። አንገቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። “አሁን እሳት ውስጥ ጣለው።”

“ይህንን? ነፍሴን ጣል በይኝ።”

“ጣለው፣ እንደሻው። ለእኔ ብለህ።”

“ሌላ የጠየቅሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ይህን አልችልም።”

መልሶ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። ነሲማ ዓይኗን ጨፈነች፤ በሽፋሽፍቷ መካከል እንባ ሲወርድ አየና በፍቅር የተለቀሰ መሰለው። አልተሳሳተም፤ ሙሉ ምክንያቱን ግን አላወቀም ነበር።

* * *

ጭኗ በተሰበረ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነሲማ አረፈች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰው አትለይም ነበር፤ እየደጋገመች “ወረቀቱን አቃጥሉት” ትል ነበር። በዚያው ቀን ቀበሯት። እንደሻው ከመቃብሩ ርቆ ከአንድ ሾላ ሥር ቆመ። ከዚያ ወዲህ ታማሚ ሲመጣለት “እጄ አይሠራም” እያለ ይመልስ ጀመር።

በሰባተኛው ቀን ዐብዱልወሃብ ቤቱ መጣ። በሩ ላይ እንደ ደረሰ ቆመ። አራቱም ግድግዳ ከታች እስከ ጣራ የእኅቱ ስፌት ነበር፤ የእሷን ቀለም፣ የእሷን አሰፋፍ፣ ያውቀዋል። ዙሪያውን አየና ተቀመጠ። የሃያ ዓመቱ ነገር ሁሉ በዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

“እኅቴ እስክትሞት ‘ወረቀቱን አቃጥሉት’ ስትል ነበር” አለ በመጨረሻ። “ቤታችንን በረበርኩ፣ ወረቀት የለም። አንተ ጋ ነው?”

እንደሻው መካድ ይችል ነበር። ግን አሁን የሚጎዳት ነገር የለም፤ ደግሞም እነዚያን ቃላት ዳግመኛ በሰው አፍ ለመስማት ልቡ ቋምጦ ነበር። አወጣና ሰጠው። “አንብቡት። ክፉ ነገር የለበትም። እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አንብባልኛለች።” ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አዘጋጀ፣ አብሮ ሊል።

ዐብዱልወሃብ አስቀድሞ ለራሱ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ እየቆራረጠ ወደ አማርኛ መለሰው።

“እንደሻው ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።”

“ሰላም ላንተ ይሁን” አለ እንደሻው።

“አንተ የሰው ገላ የምታውቅ ሰው ነህ። በግራ ጡቴ ሥር እንደ ሽንብራ ያለች ጠጣር ነገር አገኘሁ…”

የእንደሻው ከንፈር ቆመ።

“…አታመኝም፤ ግን አትሄድም። ለአክስቴ ብነግራት በጋለ ብረት ታስተኩሰኛለች። ለወንድሜ አልነግረውም፣ አፍራለሁ። ካንተ ሌላ የማምነው የለኝም። ፈረንጁ ሐኪም ጋ ሂጂ ካልከኝ ነገ እሄዳለሁ። ይቆረጥ ካለም ይቆረጥ፣ አንተ ካልከኝ አልፈራም። ብቻ ዝም አትበለኝ። ዝም ካልከኝ ገላዬ አስጠላህ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ለማንም አላሳየውም። ነሲማ።”

ከውጭ በመንገዱ አህያ የሚነዳ ሰው እየጮኸ አለፈ።

“ለእኔ ብትነግረኝ…” አለ ዐብዱልወሃብ። “ወላሂ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ እወስዳት ነበር። እንዴት እኔን ታፍራለች?” ያ ሰውን የሚያስፈራ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ቆይቶ ቀና አለ። “ላንተ ያነበበችልህ ምን ነበር?”

እንደሻው ነገረው። ስለ ድሬዳዋው ሰው፣ ስለ ጣቶቿ፣ “ዝምታህን እንደ ደብዳቤ አነበዋለሁ” ስላለችው፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር ነገረው። እየተናገረ ሳለ ነው ሁሉም የገባው፤ ያ ረጅም ዝምታ፣ የሚንቀጠቀጥ እጁን ማየቷ፣ “ለማንም” ብላ ለሐኪሙ መዋሸቷ። ጠልቶኛል ብላ ሳለች እንኳ አልከሰሰችውም። እውነቱን ስታውቅ ደግሞ ከሞት አፋፍ ላይ ሆና ሌላ ደብዳቤ ሠራችለት፣ እሱ የሚኖርበትን። እሱም አቃጥለው ያለችውን አልሰማ ብሎ፣ በፍቅሩ ግትርነት፣ ያንንም ሰበረው። ይህኛው ስብራት ደግሞ ወጌሻ አልነበረውም።

ዐብዱልወሃብ በፎጣው ፊቱን ሸፈነ። “እዚህ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል የለም” አለ። “እኅቴ ውሸት አታውቅም ነበር።”

“ከእኔ ተምራ ነው” አለ እንደሻው።

ነጋዴው ወረቀቱን መልሶ እጁ ላይ አኖረለት፣ ትከሻውን አንዴ ጨበጥ አደረገና ወጣ። እንደሻው ብቻውን ስፌቶቹ መካከል ቀረ። ወረቀቱን ዘርግቶ ከላይ ጀምሮ አየው፤ ሽንብራዋ የትኛው መስመር ላይ እንዳለች እንኳ መለየት አልቻለም። ዓይኑ ወርዶ ወርዶ ከሥሩ ደረሰ። ነሲማ ይላል። ያቺን የሚችላትን አንዲት ቃል እስኪመሽ ድረስ ደጋግሞ አነበበ።